የአማቼን ወገብ አልይዝም ብዬ ሞተሩን ያቆሰልኩበት የደጀን መንገድ

ደጀን ሄጄ መጣሁ። "የሺ ከገበያው ዛፍ ወዲያ አታልፍም" ስትሉኝ የነበራችሁ የጽዋ ማኅበር ሴቶች፣ በሉ ቁጭ በሉና ስሙ። ከእናንተ ደጀንን ያየች አንዲትም ስለሌለች ብዋሽ የሚያጋልጠኝ አልነበረም፤ ምን ያደርጋል፣ አማቼ መስፍን አብሮኝ ሄዶ ሁሉን አይቷል። እኔ ፊደል ስለማልቆጥር የመስፍን ሚስት፣ ልጄ ብርቱካን፣ እያወራሁላት ጻፈችው። ሳትቀንሺ ብያታለሁ።

መኪና እንደማይስማማኝ ታውቃላችሁ። ሚኒባስ ገብቶ መስኮት የሚከፍት ሰው በአገራችን የለም፤ "ነፋስ ይመታናል" ይላል። የኔ ነገር ደግሞ መስኮት ሲዘጋ ሆዴ ይከፈታል። ያኔ ማርቆስ ስሄድ አጠገቤ የነበሩት ቄስ ጃንጥላቸውን ገልብጠው ባይደርሱልኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? አጥቤ ብመልስላቸው "ላንቺው ይሁን ልጄ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መኪና ሳይ ጃንጥላው ትዝ ይለኛል፤ ደጀን ያለች ታላቅ እህቴን አስካለን ሳላይ ስንት ዓመት ሆነኝ።

ዘንድሮ በታኅሣሥ የአስካለ የልጅ ልጅ ወንድ ልጅ ተገላገለች። አስካለ ስልክ ደውላ፣ "ለክርስትናው ካልመጣሽ ለተዝካሬም እንዳትመጪ!" አለችኝ። አለቀስኩ። መስፍን ልቅሶዬን ከጓዳ ሰማ።

መስፍን የሶዶ ልጅ ነው፤ እዚህ ደብረ ኤልያስ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ መጥቶ ልጄን ወሰደ። ዝምተኛ ነው። ከኔ ጋራማ ጭራሽ! ዓይኑን ከምድር አንስቶ ቀና ብሎ አያየኝም። በኛም ወግ አማትና አማች እንዲያ ነው፤ እኔ ግን ስቀልድ መልስ የማይሰጥ ሰው ያቃጥለኛል። ያን ዕለት ታዲያ ወደ መሬት እያየ "እማማ፣ ሞተር መስኮት የለውም" አለኝ።

ሞተሩ የሱ አይደለም። ደረጀ የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው ባለቤቱ። ቀዩን፣ የሚያብረቀርቀውን ታውቁታላችሁ። ደረጀ ያን ሞተር ለወንድሙ እንኳ አይሰጥም። ለመስፍን ሲሰጠው እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ "የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት እስኪያልቅ እንኳ አልልህም። ቅዳሜ መልስልኝ። እሑድ ሙሽራዬን የማመጣበት ነው። እንደሰጠሁህ!" መስፍንም "እንደሰጠኸኝ" አለ። መስፍን ቃል አይበዛለትም፤ ያቺን አንዷን ግን ከሰጠ ይሞትባታል።

ማክሰኞ

በጠዋት መስፍን ሞተሩን ሲያጥብ ደረስኩ። ሙሽራ እንኳ እንዲያ አይታጠብም። ጎኑን በሳሙና አጠበ፣ በለስላሳ ጨርቅ አደረቀ፣ ቀለሙ ላይ መስታወት የመሰለ ስስ ላስቲክ ለጠፈ፣ በዚያ ላይ ጨርቅ ደረበ። ከዚያ ሁለት የሸራ ሻንጣ፣ ልክ እንደ አህያ ስልቻ በቀኝና በግራ የሚንጠለጠል፣ ከኋላ ወንበሩ ላይ ጣለ። ጠፍሩን ከስር ካለው ብረት ጋር አሰረና ዘለበቱን ጥርቅም አደረገው። በእጁ ገፋ፤ ንቅንቅ አላለም።

"ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው ልጄ?" አልኩት።

"ከተንቀሳቀሰ ቀለሙን ይፍቃል እማማ። መሃል አቧራ ሲገባ እንደ ሞረድ ነው።"

"አወቅሁት! ግላስ፣ የኮርቻ ስር ጨርቅ ነዋ ያለበስከው። በቅሎም ኮርቻው ከተንቀሳቀሰ ጀርባዋ ይገጠባል።"

"እንደዚያው ነው" አለ። ደስ አለኝ። ከአማቼ ጋር በአንድ ነገር ስንስማማ የመጀመሪያችን ነው።

ጭነቱን ያመዛዘንኩት እኔ ነኝ። በግራ ማር፣ በቀኝ ቅቤ። ማሩ ስለከበደ ከቅቤው ጋር ድንጋይ ልጨምር ስል መስፍን ድንጋዩን ተቀበለኝና በምትኩ የራሱን ጫማ ከተተ። የብርቱካንን ሱሪ ከቀሚሴ ስር ለብሼ ተፈናጠጥኩ። ሄልሜት የሚሉትን ድስት ደፉብኝ። ሻሼ ስለማይገባ ፈትቼ በኪሴ ያዝኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ድስት ደፍቼ ከቤት ወጣሁ።

"እማማ፣ ወገቤን ይያዙ" አለ መስፍን።

አሁን ልብ በሉ። የአማች ወገብ! እናቴ አማቿ ሲመጣ ነጠላዋን ተከናንባ ጓዳ ትገባ ነበር፤ እኔ ልጇ በገበያ መሃል አቅፌው ላልፍ? ቀኝ እጄን በቀኝ ሻንጣ፣ ግራ እጄን በግራ ሻንጣ ሰካሁና "ያዝኩ!" አልኩት። ሄድን።

አቤት መንገዱ! ኮረኮንቹ ላይ ስንነጥር እኔ ሻንጣውን ወደ ላይ፣ ስንወርድ ወደ ታች፣ ሽቅብ ሲሆን ወደ ኋላ እጎትተዋለሁ። ነፋሱ ግን! ሆዴ ጸጥ አለ። ከብት የሚነዱ ሰዎች ቆመው ሲያዩኝ እጄን አውለብልቤ ልወድቅ ነበር።

ከአንድ ወንዝ ዳር ለማረፍ ቆምን። መስፍን ውሃ ሊገዛ ወደ አንዲት ሱቅ ሄደ። ሞተሩን አየሁት፤ ሆዱ ይግላል፣ ጭስ ጭስ ይላል። ጭነቱ ጥርቅም እንዳለ ነው። አሳዘነኝ። በቅሎም ትሁን አህያ ስታርፍ ጠፍሯ ይላላላታል፤ ይህን የማያደርግ ሰው ግፍ ነው የሚሠራ። ዘለበቱን ሁለት ሁለት ቀዳዳ አላላሁለትና መታ መታ አድርጌ "ተንፍስ" አልኩት። መስፍን ሲመለስ ምንም አላልኩ። አሁን ብርቱካን እየሳቀች ነው የምትጽፈው፤ ሳቂ!

ማርቆስ ስንደርስ ባጃጁ በኛ ሰፈር ዶሮ እንደሚበዛው ነው። ልዩነቱ ዶሮ "እሽ" ሲሏት መሄዷ ነው። አንድ ፔንሲዮን ገባን። ባለቤቷ ወፍራም፣ ጥርሷ የማይከደን ሴት ናት፤ ሁለታችንን አየችና "አንድ ክፍል ነው ሁለት?" አለች።

"ሦስት" አልኳት፤ "አንድ ለኔ፣ አንድ ለሱ፣ አንድ ለሞተሩ።"

ቀልዴን እውነት አድርጋው አረፈች። መስፍን ሞተሩ የሙሽራ እንደሆነ ሲነግራት የራሷን ሳሎን ከፍታ፣ ምንጣፉን ጠቅልላ፣ ሞተሩን አስገባችልን። መስፍን ሻንጣዎቹን ሳያወርድ ዘለበቱን ነካ አደረገና ግንባሩን ቋጠረ፤ "ላልቷል። እንዴት ላላ?" አለ ለራሱ። አጠበቀው። ባለቤቷ ብርድ ልብስ አምጥታ ሞተሩን አለበሰችው። በኋላ ስሰማ የራሷ ብርድ ልብስ ነበር። የማርቆስ ብርድ ደግሞ ከኛው ይብሳል። በኛ አገር እንግዳ ሲመጣ አልጋ ይለቀቃል፤ ለሞተር ብርድ ልብስ የለቀቀ ግን ሰምቼ አላውቅም። ጠዋት ልከፍላት ስል የአልጋውን ብቻ ተቀበለችኝ፤ "የሙሽራ ዕቃ አይከፈልበትም" አለች።

ረቡዕ

ወደ ደጀን ያለው መንገድ አስፋልት ነው፤ እንደ አልጋ። መስፍን በየመሃሉ "ይዘዋል እማማ?" ይላል። "ይዣለሁ!" እላለሁ። መያዙንስ ይዣለሁ።

አንዲት ከተማ ላይ ቆምን። ምሳ ሽሮ በላን። መስፍን ጴንጤ ነው፤ ረቡዕ አይጾምም፤ በአጠገባችን ጥብስ ሲንጣጣ ግን አፍንጫውን እንኳ አላዞረም፣ ከኔ ጋር ሽሮውን በላ። ይህን ያየች አስተናጋጅ ለሱ ድርብ አድርጋ ጨመረችለት። እጁን ሊታጠብ ሲነሳ እኔ ቶሎ ወደ ሞተሩ። አሁን ደግሞ ሦስት ቀዳዳ አላላሁለት፤ አስፋልቱ ያግላል ብዬ።

ከዚያ ተነስተን ብዙም ሳንሄድ ጥሩ ነገር ሸተተኝ። "መስፍን፣ የማነው ድግስ?" አልኩ። መንገድ ዳር የተኛ ውሻ ብድግ አለና ተከተለን። ሌላ ጨመረ። ሦስተኛ ጨመረ። የሰርግ አጃቢ እንዳለን ሁሉ በውሻ ታጅበን ሄድን። ለካ የላላው የቀኝ ሻንጣ ተንሸራቶ ማርሚታው ላይ፣ ያ ጭስ የሚያወጣው ቱቦ ላይ ተኝቷል! የአስካለ ቅቤ ቀልጦ በአስፋልቱ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ኖሯል። መስፍን ሲያቆም አንዱ ውሻ የኋላ ጎማውን ላሰው። ሻንጣው ጥግ ጥቁር ሆኗል። መስፍን የራሱን ጫማ አወጣ፤ በቅቤ ተነክሮ ወዝቷል። እንዲህ ያለ ወዛም ጫማ ያደረገ አስተማሪ በጎጃም የለም።

ሰውዬው ተቆጣ? አልተቆጣም። ዘለበቱን ይዞ እያገላበጠ፣ "የሚገርም ነው፤ ባቆምን ቁጥር ይላላል" አለ። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ።

ደጀን ግርግሩ ሌላ አገር ነው። የጭነት መኪናው በረድፍ ቆሟል፤ ጎማ የሚደበድብ፣ ሻይ የሚያዞር፣ ሽንኩርት የሚሸጥ። ስለ ዓባይ በረሃ ትጠይቁኛላችሁ፤ አየሁት፣ ጥልቅ ነው፣ በቃ። እኔ ያየሁት አስካለን ነው። በሩ ላይ ምርኩዟን ይዛ ቆማለች። ድስቴን ሳላወርድ ሄጄ አቀፍኳት።

"ማነሽ አንቺ?" አለች።

"የሺ ነኝ!"

"የሺስ ራሷ ትንሽ ነበረ።"

ተላቅሰን ተሳስቀን ስንጨርስ ዞር ስል መስፍን ሻንጣዎቹን አውርዶ በሞተሩ ግራ ጎን ቁጢጥ ብሏል። አይነቃነቅም። ሄጄ አየሁ። ላስቲኩ ተጠቅልሎ ወደ አንድ ጥግ ሸሽቷል። ያ መስታወት የመሰለው ቀይ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ አመድ መስሏል። በአመዱ መሃል ጣት የሚያህል ጭረት አለ።

"ደህና ነው እማማ" አለኝ። ጆሮው ግን ከሞተሩ ይበልጥ ቀልቷል።

አስካለ በምርኩዟ ተጠግታ አየችና "በቅሎዋን ገጠባችኋት" አለች።

ሐሙስ

የክርስትናው ቀን ነው። ሕፃኑ ውሃው ሲነካው የጮኸው ጩኸት የኔን ልብ ይናገር ነበር። ድግሱ ደጎስ ያለ፣ ሰዉ ደግ። እኔ ግን ጉርሻ በአፌ ይዞርብኛል። እሑድ የደረጀ ሰርግ ነው። መስፍን "እንደሰጠኸኝ" ብሏል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ያለው ሀብት ያው ቃሉ ነው፤ እሱንም እኔ ፋቅሁበት።

ታዲያ ሰው ሁሉ ሲበላ ወጣሁና መድኃኒት አደረግሁ። ለተገጠበች በቅሎ ምን ይደረጋል? ቅቤ ይቀባል። ከቀለጠው የተረፈውን ይዤ ጭረቱን አሸት አሸት አደረግሁት። አበራ! "እሰይ የሺ፣ አንቺ እኮ ሐኪም ነሽ!" አልኩ። ደስ ብሎኝ ገብቼ በላሁ።

የደጀንን ነፋስና የመኪናውን አቧራ አላሰብኩትም። ተመልሼ ስመጣ የሞተሩ ጎን ጠጉር አብቅሏል። አቧራው፣ ገለባው፣ አንድ የዶሮ ላባ ተለጥፎበታል። ዝንቡ በላዩ ማኅበር ይጠጣል። መስፍንም ከኋላዬ ቆሟል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝና "እማማ፣ ዘለበቱን የሚያላላው ማነው?" አለ።

"እኔ።"

"ለምን?"

"እንዲያርፍ።"

"ማን?"

"ሞተሩ ነዋ!"

"እጅዎትስ የት ነበር? ወገቤን ያዝኩ ይሉኝ አልነበር?"

"ያዝኩ አልኩህ እንጂ ምን እንደያዝኩ መቼ ጠየቅኸኝ? ሻንጣውን ነው የያዝኩ። የአማች ወገብ ይያዛል እንዴ? እንዲያ አላደግንም እኮ!"

መስፍን መሬት ላይ ቁጭ አለ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቀ ነው። ትከሻው እየተናጠ፣ እንባውን እየጠረገ ይስቃል። እንደዚያ ሲስቅ ልጄም አይታው አታውቅም አሉ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እንደገና ጭረቱን አየና "ለደረጀ ምን እለዋለሁ?" አለ። ይህኛው ለኔ አልነበረም፤ ግን ገባኝ።

ዓርብ

መስፍን የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በጣሳ የመኪና ሰም ይዞ መጣ። ባለሱቁ "ሳታጥቡ ብትፈገፍጉት ትጨርሱታላችሁ" ብሎታል። ቅቤዬን በሳሙናና በሞቀ ውሃ አወረድነው፣ ውሃ እያፈሰስን፣ ሳንፈገፍግ። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ሰሙን ቀስ፣ ቀስ፣ ክብ ክብ። እኔም ተራዬን አሸሁ፤ የጥጥ ፈታይ ጣት ለዚህ ሥራ ይሆናል። አመዱ እየሳሳ ሄዶ ቀዩ ብቅ አለ። አስካለ "ፊቴን ላይበት ነው" ብላ መጥታ ሻሿን አስተካከለችበት። ጭረቱ ግን አለ። ጭረቱን ሰም አላገኘውም።

ልንነሳ ስንል መስፍን ሻንጣዎቹን አሰረና "እማማ፣ አሁን ግን..." ብሎ አቆመ። ወገቤን ይያዙ ማለቱ ነው። እኔም ቆምኩ። እሱ ወደ መሬት፣ እኔ ወደ ሰማይ።

አስካለ በመሃል ቆማ "ሁለት ግትር!" አለች። ምርኩዟን አስደግፋ መጣችና መቀነቴን፣ ያን ቀይ ጥለት ያለውን የበዓል መቀነቴን፣ ከወገቤ ፈታ አወጣችው። በመስፍን ወገብ፣ ከጃኬቱ በላይ፣ ሦስት ዙር ጠመጠመችለትና አጥብቃ ቋጠረችው። "በይ ያዢ! መቀነቱ ያንቺው ነው፤ ወገቡ የሱ። ከፈለግሽ ዓይንሽን ጨፍኚ!"

መቀነቴን ያዝኩ። ቀሚሴን ደግሞ በሲባጎ አሰረችልኝ።

ሻንጣው ንቅንቅ አላለም። ውሻም አልተከተለን። ማርቆስ ስንገባ የባጃጅ ልጆች መቀነት የታጠቀውን አስተማሪ አይተው "ባላምባራስ!" እያሉ ጮኹ። መስፍን እጁን አውለበለበላቸው። ያቺ የፔንሲዮን ሴትዮ ደግሞ እስክትንከተከት ስቃ፣ ዓርብ ስለሆነ የምስር ወጥ በነጻ አበላችን። ሞተሩንም እንደገና ብርድ ልብሷን አለበሰችው።

ቅዳሜ

ደብረ ኤልያስ ስንቃረብ በጆሮው ተጠግቼ "ስታቆመው ጭረቱን ወደ ግድግዳው አዙረው። ከሰርጉ በኋላ እንነግረዋለን" አልኩት። ደረጀ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መስፍን መጥቶ ሞተሩን አቆመ፤ ጭረቱን ወደ ደረጀ ፊት አድርጎ።

ደረጀ ጎንበስ አለ። በአውራ ጣቱ ጭረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው። "ይሄ ምንድን ነው?"

"የኔ ጥፋት ነው" አለ መስፍን፤ "ሻንጣውን በደንብ አላሰርኩትም።"

"ውሸቱን ነው!" አልኩ ከላይ ሆኜ፤ ገና አልወረድኩም። "እሱ ያስራል፣ እኔ እፈታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው!"

"እኔ ነኝ ነጂው" አለ መስፍን።

"እኔ ነኝ ጎታቿ!"

ደረጀ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። "አንድ ጭረት ለሁለት ሰው አይደርስም" አለ። አልሳቀም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ጠረገው፤ አልለቀቀም። ደግሞ ጠረገው። ቀና ሲል ዓይኑ የመስፍን ወገብ ላይ አረፈ። "ይሄስ?"

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ቅቤውን፣ ውሻውን፣ የአማች ወገቡን። ስጨርስ ተቀመጠ። "ሙሽራዬም እንደርስዎ ናት እማማ" አለ ቀስ ብሎ። "'ሕዝብ ፊት ወገብህን አልይዝም፣ አያቴ አይታ ትሞታለች' ብላኛለች። በሞተሩ ጎን ቅርጫት አስሬ እሱን ትያዝ ብዬ ነበር።"

"ቅርጫት!" ብዬ ከሞተሩ ዘልዬ ወረድኩ፤ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። "ቅርጫት ብታሲዛት ጭረት አይደለም፣ እርሻ ነው የምታርስልህ!" መቀነቴን ከመስፍን ወገብ ፈትቼ ሰጠሁት። ይቅር ብያለሁ አላለኝም። መቀነቱን ግን አጣጥፎ ደረቱ ኪስ ከተተው፤ ለመስፍንም እጁን ዘረጋለት።

እሑድ

ሰርጉን ሁላችሁም አይታችኋል፤ ያላያችሁት እኔና መስፍን ያየነውን ነው። እናንተ ሙሽራዋን ስታዩ፣ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ሞተሩ ላይ በጎን ተቀምጣ፣ በሁለት እጇ ደረጀ ወገብ ላይ ያለውን የመቀነቴን ቀይ ጥለት ጨብጣ ስታልፍ፣ እልል ስትሉ፣ እኛ በዚያ ጎን ጭረቱን ነበር የምናይ። ፀሐይ ሲያርፍበት አንዴ ብልጭ አለና አለፈ። አያቲቱም አልሞቱም፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ እልል ያሉት እሳቸው ናቸው።

ሙሽራዋ መንገዱ ሲያነጥራት መቀነቱን ወደ ኋላ ጎተተችውና ደረጀ ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ያን ጊዜ መስፍን፣ ያ ዝምተኛው፣ ያ ቀና የማይለው አማቼ፣ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ፣ "እማማ፣ ጠብቆበታል። ሄደው ላላ ያድርጉለት እንጂ፣ ይረፍ" አይለኝም?

ልስቅ ስል ቀሚሴ አሁንም በሲባጎ መታሰሩ ትዝ አለኝ። በሰው መሃል ወገቤን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅሁ።